ስንት ሰዓት ነው ብላ የጠየቀችኝ መሣሪያ

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ቤዝመንት ውስጥ ለዓመታት የከረመ ካርቶን ስከፍት አጎቴ ጠቅልለው ወደ ደብረ ብርሃን ሲገቡ ትተዋት የሄዱትን፣ ፓልም ሦስት የተባለችውን የኪስ ኮምፒዩተር አገኘኋት። ከነመቀመጫዋ፣ ከነሽቦዋ፣ ከነቆዳ ማኅደሯ ነበረች። የባትሪ ድንጋዮቹ ከውስጧ ሳይወጡ ቀርተው ኖሮ ፈስሰው የብረት ጥርሶቹን ነጭ ቅርፊት አልብሰዋቸዋል። ጥጥ በኮምጣጤ እየነከርኩ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ጠረግሁት፤ ካደረቅሁት በኋላ ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋዮች አስገባሁ። የመጻፊያዋ ብዕር አናት ሲፈታ ከውስጡ ትንሽ መርፌ ይወጣል፤ በእርሱ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ወጋ አደረግሁ። ግራጫው ስክሪን ከለበሰው አቧራ ሥር ቀስ ብሎ ነቃ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ነበር። የአጎቴን የእቁብ ዝርዝር፣ የታክሲ ደንበኞቻቸውን ስም፣ ምናልባትም ለራሳቸው የጻፏትን አንዲት ማስታወሻ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሆኖም ይህ ተስፋ የመሣሪያዋን አሠራር ከመርሳት የመጣ ነው። ፓልም ሦስት ባለቤቷ የሚጽፍባትን ሁሉ የምትይዘው 2 ሜጋባይት በሆነ፣ ኤሌክትሪክ ካላገኘ በማይቆይ ማኅደረ ትውስታ ነው። ባትሪ ድንጋይ ለመቀየር እንኳ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ትታገሣለች፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ይጠፋል። እኔ ካርቶኑን ስከፍት የአጎቴ ጽሑፍ ከጠፋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ስለዚህ እንደ አዲስ ነበር የጀመረችው። በመጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የመስቀል ምልክት እያሳየች በብዕሩ እንድነካው ጠየቀች፤ አንዱን በማእዘን፣ አንዱን በተቃራኒው ማእዘን፣ አንዱን በመሐል፤ የእጄ ንክኪ ከስክሪኑ ነጥቦች ጋር እንዲገጥም ነው። ቀጥላ ሰዓቱንና ቀኑን እንድሞላላት ፈለገች። ብዕሩ በአየር ላይ ቆመ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ስልኬ አጠገቤ ተቀምጦ 6:50 ይል ነበር። የከበደኝ ይህችኑ መሣሪያ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ በእጄ ሰዓት ሞልቼላት ያደረስኩት ነገር ትዝ ስላለኝ ነው።

ለ ጻፍ፣ ኤ ትሆናለች

አጎቴ፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በቨርጂኒያ እስክንድርያ ከተማ ታክሲ ይነዱ ነበር። ፓልሟን የገዙት ከአንድ ደንበኛቸው በአሮጌ ዋጋ ነው። ዕቃ ወዳድ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠሯቸው ቋሚ ደንበኞች እየበዙ ሄደው በወረቀት ቁርጥራጭ መያዝ አላዋጣቸውም ነበር።

የዚያን ጊዜ ፓልም የሚጻፍባት ግራፊቲ በሚባል ዘዴ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ለጽሑፍ የተለየ ሰሌዳ አለ፤ በግራው በኩል ፊደል፣ በቀኙ በኩል ቁጥር ይጻፋል። እያንዳንዱ ፊደል ማለት ይቻላል ብዕሩ ሳይነሣ በአንድ ጭረት መውጣት አለበት። ኤ መሐሏን የሚያቋርጣት መስመር ይቀርባታል፤ ቲ ከላይ ወደ ቀኝ ሄዳ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ባዶ ቦታ ለመተው ከግራ ወደ ቀኝ፣ የጻፉትን ለማጥፋት ከቀኝ ወደ ግራ ይጫራል። ማሽኗ የሰውን የእጅ ጽሑፍ ለመማር አትሞክርም፤ ሰውየው የእርሷን ይማራል። ይህን ዓይነት ስምምነት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን እጅግ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምን እንደምትፈልግ ከመጀመሪያው ቀን ትናገራለችና።

ጋሼ ይህን ዘዴ ያስተማሩኝ በፊደላችን ነው። «ኤ ስትፈልግ ለ ጻፍ፤ ዩ ስትፈልግ ሀ ጻፍ፤ ዳብልዩ ስትፈልግ ንጉሡን ሠ ጻፍ፤ ኤፍ ስትፈልግ ገ ጻፍ» ይሉኝ ነበር። አሁን እንደገና ስሞክረው በትክክል ይሠራል። ለ ብዬ ስጭር ኤ ብላ ታነበዋለች። ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩት የፊደል ገበታ ለማሽኗ ጽሕፈት እንዲህ አቋራጭ መንገድ ይሆናል ብሎ የገመተ መሐንዲስ በካሊፎርኒያ የነበረ አይመስለኝም።

ነገር ግን ለ ብለው የጻፉት ለ ሆኖ አይቀርም፤ ኤ ይሆናል እንጂ። ማሽኗ የምታውቀው የላቲንን ፊደል ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ የታወጀው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፓልም ሦስት ገበያ ላይ የዋለችው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነው። ስለዚህ ጋሼ አማርኛቸውን በላቲን ፊደል ያስቀምጡ ነበር። ጠ እና ተ በአንድ ቲ ስለሚጻፉ «ቁልፉ ጠፋ» ያሉት ማስታወሻ «ቁልፉ ተፋ» ተብሎም ይነበባል። አንድ ቀን ይህንን አንብቤ ስስቅ፣ «አንተ ታውቃለህ ምን ለማለት እንደፈለግሁ፤ ለማሽኗ ደግሞ ሁለቱም አንድ ነው» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ

አጎቴ ያደረጉትን ብልሃት ሙሉ በሙሉ የተረዳሁት ገና አሁን፣ መሣሪያዋን ራሴ ሳዘጋጅ ነው። በጊዜው የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር።

የፓልሟን ሰዓት ከአሜሪካው ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው አስቀምጠዋት ነበር። ከጠዋቱ 7 በአሜሪካ አቆጣጠር ሲሆን የእርሳቸው ማሽን 1:00 ትላለች። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእጅ ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር እንዳሠረ አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስደንቀው የተቀረው ነው። ማሽኗ በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ስትሆን ከቁጥሩ ጎን ኤኤም ወይም ፒኤም ትጽፋለች። በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስትመለስ ኤኤም የሚለው በሙሉ ቀን፣ ፒኤም የሚለው በሙሉ ሌሊት ይሆናል። ኤኤም 1:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ኤኤም 9:00 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ፒኤም 2:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ፒኤም 10:00 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አንድም የሚዛነፍ የለም።

ከዚያም ቀኑ አለ። ማሽኗ ቀን የምትለውጠው በራሷ እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በተመለሰው ሰዓቷ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሊነጋ ሲል ይውላል። የፈረንጁ ስልክ ማክሰኞ ገባ ባለበት በሌሊቱ 8 ሰዓት የጋሼ ፓልም ገና ሰኞ ሌሊት ላይ ናት። እኛ «ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለው ያ ጊዜ ለእርሷም እንዲሁ ነበር። ለአሜሪካ ቢሮ ሠራተኛ የተሠራች መሣሪያ፣ አንዲት ቁጥር ስለተቀየረላት ብቻ፣ ቀንንና ሌሊትን እኛ እንደምንከፍለው ትከፍል ጀመር። በቀጠሮ መያዣዋ ምርጫ ውስጥ የቀኑን መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት መወሰን ስለሚቻል፣ እርሱንም ከ12 እስከ 12 አድርገውት ነበር።

መሣሪያዋ ይህንን ሁሉ እሺ ብላ የተቀበለችው ከሌላ የምትሰማበት መንገድ ስላልነበራት ነው። ቀጠሮ ስትመዘግብ ሰዓቱንና ደቂቃውን ብቻ ነው የምትይዘው፤ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አትጽፍም። ስለ አጀማመሯ የሚነገር የታወቀ ታሪክ አለ። የፓልም መሥራች ጄፍ ሃውኪንስ ፓይለት የተባለችውን የመጀመሪያዋን ፓልም ሲነድፍ በኪስ የሚገባ ቁራጭ እንጨት ቀርጾ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲጠየቅ እንጨቱን አውጥቶ፣ በቻይና መመገቢያ እንጨት የሚጽፍበት ያህል ይነካካዋል። በመጋቢት 1996 እ.ኤ.አ. እውነተኛዋ ማሽን ለገበያ ስትቀርብ ከዚያ እንጨት ያን ያህል ያልራቀች ነበረች። እንጨት ደግሞ ስንት ሰዓት ነው ብለው ከጻፉበት አይከራከርም። አሁን እጄ ላይ ያለው ስልክ ግን ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እርሱ ይነግረኛል እንጂ።

«አስተካከልኳት»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በ2000 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር አካባቢ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ትምህርት ቤት በገባሁባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ተምታቶብኝ አንድ ፈተና አምልጦኛል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን የአገሬን ሰዓት በግድ አውልቄ ጥዬው ነበር። በዕድሜ ልክ አቆጣጠር ላይ በአንድ ወር የተገኘ ድል ስለነበር በጣም እኮራበት ነበር።

የቤታችን ኮምፒዩተር ላይ የፓልምን ፕሮግራም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ሰኞ ምሽት መሣሪያዋን መቀመጫዋ ላይ አስቀምጬ አዝራሩን ተጫንኩና ቀጠሮዎቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገለበጡ ተመለከትኩ። ማክሰኞ ከንጋቱ በፊት ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዷቸው መንገደኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሰኞ ፒኤም 11:00 ይላል። የማሽኗን ሰዓት ሳየው ፒኤም 2:00 ትላለች፤ የግድግዳው ደግሞ 8። ምስኪን ጋሼ፣ ሰዓቷን እንኳ መሙላት አልቻሉም አልኩ በልቤ። ብዕሩን አንሥቼ ሰዓቷን ፒኤም 8:00 አደረግኋት። ቀጠሮውን ግን አልነካሁትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያፈሰስኩት እኔ፣ የለቀሙት እርሳቸው ሆኑ።

ጋሼ ሌሊት የሚነሡ ከሆነ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሚሆነው ቀጠሮ አላርሙን አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንዲጮህ አድርገውታል፤ ይኸውም በማሽኗ ፒኤም 10:00 ላይ ማለት ነው። እኔ ባስተካከልኩት ሰዓት ፒኤም 10:00 ከሌሊቱ 10 መሆኑ ቀርቶ ከምሽቱ 4 ሆነ። አላርሟ ጮኸች፤ ጋሼ ተነሥተው ስክሪኑን አዩ፤ 10:00 ይላል፤ እንደጠበቁት ነው። ታኅሣሥ ስለሆነ ውጭው ያው ጨለማ ነው። ፊታቸውን ታጥበው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። እኔ ክፍሌ ሆኜ ቴሌቪዥን አያለሁ፤ የበሩን ድምፅ ሰምቼ ምን እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

በኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ በመጀመሪያ ግር ያላቸው መንገዱ ላይ ያለው የመኪና ብዛት ነው። ቀጥሎም በቀይ መብራት ቆመው ሳለ ዓይናቸው ሁለት ሰዓቶች ላይ አረፈ። የመኪናው ሰዓት 10:20 ይላል። ከጎኑ የተቀመጠችው ፓልምም 10:20 ትላለች። ያን ታክሲ ሲነዱ በቆዩባቸው ዓመታት እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ተስማምተው አያውቁም ነበር። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ይራራቃሉ፤ መራራቃቸው ነበር ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ የሚያሳያቸው። የተስማሙ ጊዜ ነው የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያወቁት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኩሽና ነበርኩ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«ይቺን ሰዓት ማን ነካት?» አሉኝ።

«ተሳስታ ነበር፤ አስተካከልኳት።»

«አልተሳሳተችም» አሉ። «በአማርኛ ነበር የምትቆጥረው።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። አልተቆጡም። ሰዓቷን ወደ ቦታዋ መለሱ፤ ግን ያን ሌሊት አላመኗትም መሰለኝ፤ ተመልሰው ሳይተኙ ሶፋው ላይ ሆነው ሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪሆን ጠበቁ።

ለዓመታት ውስጤን ሲኮረኩረኝ የኖረው መንገደኛው ሊያመልጣቸው መቃረቡ አይደለም፤ አላመለጣቸውም። የሚኮረኩረኝ «አስተካከልኳት» ያልኩበት ድምፅ ነው። ማስተካከል የሚለው ቃል ውስጥ እኩል ማድረግ አለ፤ እኔም ያደረግሁት እርሱን ነበር፤ ማሽኗን ከግድግዳው ጋር እኩል አደረግኋት። ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩ አንዱ የግድ ስሕተት ነው የሚለውን ከየት አመጣሁት? ከዓመት በፊት እኔ ራሴ በሌላኛው ሰዓት ነበር የምነሣው፣ የምበላው፣ ትምህርት ቤት የምሄደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ወር ጥድፊያ የለበስኩት አዲስ ሰዓትም እንዲያ የመሰለ መታጠቅ ነበር፤ እንዳይፈታብኝ ስለፈራሁ ሌላውን ሰዓት በሰው እጅ ላይ እንኳ ማየት አልፈለግሁም። አሁን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። በአሥራ አራት ዓመቴ ግን የሰዓት ጉዳይ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ለራሴም ቢሆን የማነሣው ተቃውሞ አለ። የጋሼ ሰዓት በቨርጂኒያ ሰማይ ሥር እውነቱን ሁልጊዜ አትናገርም ነበር። የእኛ አቆጣጠር የሚያምረው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት በማይሞላ ልዩነት በምትወጣበት አገር ነው። እስክንድርያ ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትወጣለች። በዚያ ላይ በጸደይና በመጸው ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ጋሼ በእጃቸው ተከትለው መግፋት ነበረባቸው። የሚቆጥሩት የአገራቸውን ፀሐይ ነበር ልበል? እንጃ።

በእጄ ላይ

ወደዚያች ቅዳሜ ማለዳ ልመለስ። ብዕሩን ይዤ ጥቂት ካሰብኩ በኋላ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እዚያ ሰባት ሰዓት ይቀድሙናል፤ ምሳ ተበልቶ ቡና እየተፈላ ነበር። ፓልሟን እንዳገኘኋትና እንደነቃች ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ጠፍቷል ስላቸው ግን ብዙም አልከፋቸውም። «የእቁቡ ሰዎች ብራቸውን ወስደዋል፤ ምን ቀረ?» አሉ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ ሰዓት ሙላ ትለኛለች። ስንት ልበላት?» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ? ፀሐይዋ ወጥታለች?»

«ወጥታለች። የጎረቤቱን ጣሪያ አልፋለች።»

«እንግዲያው አንድ ሰዓት በላታ።»

ስልኬ ጋር እየተያየሁ እስኪሞላ ጠበቅሁና ኤኤም 1:00 ብዬ ሞላሁላት።

ቀኑ ግን እንደ ሰዓቱ በብልሃት የሚታለፍ አይደለም። የማሽኗ ቀን መቁጠሪያ ሠላሳ ቀን ያላቸውን አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን አንዲት ወር አያውቅም፤ የሚያውቀው ከ1904 እስከ 2031 እ.ኤ.አ. ያለውን የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ዓመቱን በሰባት ቢት፣ ማለትም በሰባት የዜሮና የአንድ ቦታዎች፣ ስለሚይዝ ከ1904 በኋላ 127 ዓመት ቆጥሮ ያበቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2024 ላይ ማለት ነው። ጋሼ ይህንንም ቢሆን በከፊል አታለውታል። የሚካኤል ማኅበራቸው በየወሩ በ12 ስለሚውል ቀጠሮውን «በየወሩ» ብለው ቢደግሙት የፈረንጁን ወር ተከትሎ ይንሸራተትባቸዋል፤ ስለዚህ «በየ30 ቀኑ» እያሉ ይደግሙት ነበር። ከመስከረም 12 ተነሥቶ ጥቅምት 12፣ ኅዳር 12፣ ታኅሣሥ 12 እያለ ሳይስት ይሄዳል።

አሁን በዚህች መሣሪያ ከተጠቀምኩ ዓመት እየሞላኝ ነው። ብዙ አልጽፍባትም፤ የገበያ ዝርዝር፣ የቤት ኪራይ ቀን፣ አልፎ አልፎ በላቲን ፊደል የተሰባበረ አማርኛ። ከዘመኑ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘቱ ባለ ዘጠኝ እግር የድሮ መሰኪያ ስለሚጠይቅ ማስማሚያ ገዝቼ በየሳምንቱ እገለብጣለሁ፤ ጽሑፍ በባትሪ ድንጋይ ሲጠፋ አይቻለሁና። የመጀመሪያ ቀን የመዘገብኩት ግን አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው። ጋሼ ስልኩን ሳይዘጉ «ሚካኤልን አስገባ» ስላሉኝ ሰኔ 12ን በፈረንጁ ጁን 19 አድርጌ «በየ30 ቀኑ» ብዬ ደገምኩት።

«መጨረሻ ቀን ሰጠኸው?» አሉኝ።

«ለምን?»

«ጳጉሜ አለች እኮ። ከነሐሴ 12 ካለፈ አምስት ቀን ያስትሃል።»

የመጨረሻ ቀን የሚለውን ነካሁና ኦገስት 18 ብዬ ጻፍኩ።